ለአትክልት ብቻ

ይህን ሰው ለረጅም ጊዜ የማውቀው በጀርባው ነበር። ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ከመኪና ማቆሚያው ዳር ባለው ፍርግርግ ብረት ላይ ጎንበስ ብሎ አየዋለሁ፤ ማታ ስመለስም እዚያው ጎንበስ ብሎ አገኘዋለሁ። ሰላምታ ብሰጠው ይመልስልኝ እንደሆነ እርግጠኛ ስላልነበርኩ ዝም ብዬ አልፋለሁ። እሱም በኋላ እንደነገረኝ፣ ቀና ቢል ሰላም የሚለው ሰው ማግኘቱን እርግጠኛ ስላልነበረ አንገቱን ደፍቶ ይሠራል። እንዲህ እየተላለፍን ስንት ክረምት አሳለፍን።

የምንኖርበት የጋራ መኖሪያ ሕንፃ አትክልተኛ ነው። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ሰው በግቢው ያለ አይመስለኝም። ጥበቃው «ጋሽ ኩሬ» ብሎ አወጣለት፣ እሱው ጸደቀ። ከጣራዎቻችን፣ ከመኪና ማቆሚያውና ከላይኛው መንገድ የሚወርደው ጎርፍ ከሕንፃው ጀርባ በተቆፈረ ኩሬ ውስጥ ይጠራቀማል። እዚያ ጭቃው ይዘቅጣል፤ ከዚያ በአሸዋ ማጣሪያ አልፎ ወደ ታንከር ይገባል። ዝናብ በሚጠፋበት ጊዜ ሣሩና ዛፎቹ የሚጠጡት ይህንን ውሃ ነው። ኩሬውን፣ ማጣሪያውንና ታንከሩን የሚጠብቀው እሱ ነው።

ሥራው ከሩቅ ሲያዩት ቅጠል መልቀም ይመስላል። ነገር ግን ፍርግርጉ ላይ የሚጠመደው ቅጠል ብቻ አይደለም፤ ላስቲክ አለ፣ የሞተ አይጥ አለ፣ አንዳንዴም ምን እንደሆነ ባይጠይቁት የሚሻል ነገር አለ። ኩሬው ላይ የሚንሳፈፈውን የመኪና ዘይት በጨርቅ እየመጠጠ ያነሳል። ትንኝ እንዳይፈለፈል ዳር ዳሩን ይጠርጋል። አሸዋውን አውጥቶ ያጥባል። ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ሮጦ ማዞሪያውን ይከፍታል፤ የመጀመሪያው ውሃ ወደ ኩሬው እንዲገባ አይፈለግማ። ሰንብቶ የዘነበ ዝናብ መንገዱን ያጥባል፤ የፈሰሰውን ዘይት፣ የውሻውን ዓይነ ምድር፣ ሰው የተፋውን ሁሉ ሰብስቦ ይመጣል። ስለዚህ የፊተኛው በሌላ ቦይ ይፈስሳል፣ የኋለኛው ይጠራቀማል። «የፊተኛው ዝናብ የመንገዱ ነው፤ የኋለኛው ነው የኛ» ይላል።

ሣሩን የሚያጠጣው ሰው ሳይነሳ፣ ልጆች ለጨዋታ ሳይወጡ ነው። ውሃው በነፋስ ተበትኖ ወደ መስኮት እንዳይሄድ ጎማውን ዝቅ አድርጎ ይይዛል። ዝናብ ሲመጣ እኛ ወደ ቤት እንሮጣለን፣ እሱ ከቤት ይሮጣል። ሰው ሲወጣ እሱ ሥራውን ጨርሶ ይገባል። እንዲህ ያለ ሥራ ሰውን ከሰው ያርቃል ብሎ ያሰበ ያለ አይመስለኝም፤ እኔም አላሰብኩትም።

የሚኖረው ከውሃ መግፊያ ሞተሩ ቤት ጎን በተሠራች ክፍል ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ የራሷ የቧንቧ ውሃ፣ ኩሬውን የምታሳይ አንድ መስኮት። ሚስቱ ከሞተች ቆይታለች። ሴት ልጁ ሌላ ከተማ ተድራ እሁድ እሁድ ትደውላለች።

ታንከሩ በተገጠመ ጊዜ መሐንዲሱ እንዲህ አለው፦ «ይህ ውሃ ጭቃው ተጣራ እንጂ ጀርሙ አልሞተም። አይጠጣም፤ ለአትክልት ብቻ ነው። ሰው እንዲያውቀው ይጻፉበት።» ጋሽ ኩሬ የእጅ ጽሑፉ ያምራል። ያገኛት ቁራጭ ቆርቆሮ ግን ትንሽ ስለነበረች ሁሉንም አልቻለችውም። ዋናው ነው ያለውን መርጦ፣ በነጭ ቀለም፣ ፊደሉን አሳምሮ ጻፈና ከታንከሩ ቧንቧ በላይ ሰቀላት፦ «ለአትክልት ብቻ»።

ዝናቡ አንድ ቀን መጥቶ አንድ ቀን በሚጠፋበት ወቅት አንዲት ሴትዮ መጣች። ከጀርባው በር ማዶ ሸራ ወጥራ ሰላጣ፣ ካሮትና ቲማቲም መሸጥ ጀመረች። ከፊት ለፊት ደግሞ በቆርቆሮ ጣሳ የተተከሉ የአበባ ችግኞች ትደረድራለች። በመጀመሪያው ጠዋት ባልዲ ይዛ ከቧንቧው አጠገብ ቆመች።

«ጋሼ፣ ውሃ ላስቸግርህ?»

«ለምንሽ ነው?»

«ለአትክልቴ ነዋ!» አለችና የተሰቀለችውን ቆርቆሮ በአገጯ አሳየችው። «ይኸው፣ ቧንቧው ላይ ጽፈህ እየጠራኸን?»

«ለአትክልት ከሆነ ቅጂ» አላት።

በግቢው ከጥበቃው በቀር ሁሉም ሰው «እርስዎ» ነው የሚለው። አክብሮት ነው፤ ነገር ግን አክብሮትም ከሩቅ ሲወረወር እንደ ድንጋይ ያለ ነገር አለው። እሷ ከመጀመሪያው ቃል «አንተ» አለችው። እሱን የነካው ውሃ መጠየቋ ሳይሆን ይኼ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት መጣች። ባልዲው እስኪሞላ ድረስ አፏ አያርፍም።

«ዛሬ ደግሞ ኩሬህ አኩርፋለች፤ ምን አልካት?»

«ምንም አላልኳትም።»

«እሱ ነዋ ያስኮረፋት! አንተ ሰውዬ ከእንቁራሪት ጋር ስትኖር ጠባያቸውን ይዘኸዋል። ሰው ሲያናግርህ ዘለህ ውሃ ውስጥ የምትገባ ነው የሚመስለው።»

እሱ ይስቃል። መሳቅ ሲጀምር ድምፁ ለራሱም እንግዳ ሆነበት። ባልዲዋን የምታሳርፍበት ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጎ ከቧንቧው ሥር አስቀመጠላት። ቧንቧው እንዳያንጠባጥብባት ላስቲኩን ቀየረ። ጢሙን በየቀኑ መላጨት ጀመረ፤ ጥበቃውም አይቶ «ጋሽ ኩሬ፣ ኩሬው ውስጥ መልክህን አይተህ ደነገጥክ እንዴ?» አለው። እሷ ስትሄድ ሁልጊዜ «በል ለአትክልቴ ልድረስላት» ትላለች። እሱም «ለአትክልትሽ» ይላል። ይህችን ቃል እየተቀባበሉ ሳምንታት አለፉ።

አንድ እሁድ ልጁ ደወለች።

«አባዬ፣ በላህ?»

«በላሁ።»

«ምን?»

«ዳቦ።»

«ዳቦ በምን?»

«በሻይ።»

«ኤጭ አባዬ! አትክልት ብላ እንጂ። ከዚያች ከምትነግረኝ ሴትዮ አትገዛም?»

እውነቷን ነው። ከሴትዮዋ ጋር በየቀኑ እያወራ፣ ከበሩ ወጥቶ መደቧን አይቶ አያውቅም። በሩን አልፎ መሄድ ከእሱ ዓለም መውጣት ሆኖበት ነበር። ሸሚዝ ቀይሮ ወጣ።

«እልል! ጋሽ ኩሬ ከግቢ ወጣ! ዛሬ ሳይዘንብ አይቀርም» አለች ከሩቁ።

«ካሮት ልገዛ ነው» አላት እያፈረ።

«መጀመሪያ ቅመስ። ሌላ ጊዜ ለማየት ሳይሆን ለመግዛት እንድትመጣ።» ከማዳበሪያው ውስጥ ጭቃ የለበሰ ካሮት መዘዘች። ባልዲው ውስጥ ነከረችው፣ በአውራ ጣቷ አሸት አሸት አደረገችው፣ አራግፋ ዘረጋችለት። «እንካ። ስኳር ነው።»

ባልዲውን ያውቀዋል። ውሃውንም ያውቀዋል። አጠገቡ ባለው ሳፋ ውስጥ ሰላጣው ተዘርግቶ ይንሳፈፋል። የዚያኑ ቀን ጠዋት ከፍርግርጉ ላይ በጓንቱ ያነሳው አይጥ፣ ኩሬው ላይ እንደ ቀስተ ደመና ተዘርግቶ ያየው ዘይት፣ ሁሉም በዓይኑ መጣ።

«ይሄን... በየትኛው ውሃ ነው ያጠብሽው?»

«ባንተው ነዋ! በምን ልጠበው ታዲያ?»

«ለአበባዎቹ አይደለም?»

«ለአበባ?» ሳቀች። «አበባ ውሃ ይመርጣል እንዴ? ለሱ የቤት እጣቢ ይበቃዋል። ያንተን ጥሩውን ውሃ ለአበባ አላባክነውም።»

ያኔ ገባው። እሱ አትክልተኛ ነው፤ ለአትክልተኛ አትክልት ማለት ሣሩ ነው፣ ጽጌረዳው ነው፣ አጥሩ ላይ የሚሳበው ሐረግ ነው። ለእሷ ደግሞ አትክልት ማለት የሚበላው ነው። አንዲት ቃል ለሁለት ተካፍለው፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ግማሽ ይዘው ሲሳሳቁ ከርመዋል።

ሁለተኛ ፎቅ የምትኖር አንዲት ሴት ትንሽ ወንድ ልጇን በእጇ ይዛ መጣች፣ ሰላጣ ገዝታ ሄደች። እሱ ካሮቱን እንደያዘ ቆሞ አያት። ከዚያ ካሮቱን ኪሱ ከተተና «መጣሁ» ብሎ ወደ ክፍሉ ተመለሰ።

ካሮቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። ባለፈው ሳምንት ጥበቃው ሆዱን ይዞ ሲንቆራጠጥ የዋለው ትዝ አለው፤ ጥበቃው ቲማቲሟን እንደ ፍራፍሬ እየገመጠ ነው የሚውለው። ብነግራት አትመጣም፣ ብሎ አሰበ። ሁሉንም ነገር ገልብጦ ቢያየው እዚያው ላይ ይወድቃል፦ ከነገርኳት ነገ ጠዋት ድንጋዩ ባዶ ነው። «ቧንቧው ተበላሽቷል» ብሎ ቢዋሻትስ? ሌላ ውሃ ትፈልጋለች፣ ሳትቀየመው ትኖራለች፣ አልፎ አልፎም ብቅ ትላለች። ግን በየቤቱ የገባው ሰላጣስ? ሆድ ይፍጀው ይባላል፤ ይኼ ግን በሱ ሆድ የሚቀር ነገር አልነበረም። የልጅ ሆድ ነው የሚፈጀው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመልሶ ሄደ። እሷ ሸራውን ልታጥፍ ተነስታ ነበር።

«እህቴ፣ ጥፋት አጥፍቻለሁ።»

«ምን አደረግህ ደግሞ? ካሮቱን ለእንቁራሪቶቹ ሰጠሃቸው?»

«ያ ውሃ ለምግብ አይሆንም። ጎርፍ ነው። የመንገድ ጎርፍ።»

«ተጣርቷል አላልከኝም?»

«ጭቃው ነው የተጣራው። በዓይን የማይታይ አለ። ሆድ ያማል፤ ልጅ ላይ ደግሞ ይብሳል።»

ሳፋውን አየች፣ እጇን አየች። «ታዲያ ለአትክልት ብቻ ብለህ የጻፍከው?»

«ለሣር ማለቴ ነው። ለዛፍ።»

«ሣር አትክልት ነው?»

«ለኔ ነው።»

ሳቀች፤ የጠዋቷ ሳቅ ግን አልነበረም። «በየቀኑ ለአትክልቴ ነው ስልህ ምን መስሎህ ነበር?»

«አበባዎቹ።»

«አበባዎቹ!» ድምጿ ከፍ አለ። «አንድ ቀን፣ አንዲት ቀን እንኳ ከበሩ ወጣ ብለህ ብታይ ኖሮ! ሩቅ አገር እኮ አይደለሁም፤ የበሩ ማዶ ነው ያለሁት!»

እስካሁንም ሲያወራኝ እዚህች ላይ ሲደርስ ጓንቱን አውልቆ መልሶ ያጠልቀዋል።

«ለገዙት መንገር አለብኝ» አላት።

«ንገራቸው! ከዚያ ማን ይገዛኛል? የልጆቼ ጉሮሮ እኮ ነው ይሄ።»

«ጥፋቱ የኔ ነው እላቸዋለሁ። ከክፍሌ ቧንቧ ደግሞ በየጠዋቱ ንጹሕ ውሃ እቀዳልሻለሁ።»

«ውሃህን አልፈልግም» አለች። ሰላጣውን ከሳፋው እየዛቀች ማዳበሪያ ውስጥ ጠቀጠቀችው፤ ለመጣል ነው። ባልዲውን ደፋችና እዚያው ጣለችው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲሉ ስለ ወንዝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ስለ ባልዲም ነው።»

አስተዳዳሪውን ከመኪናው ሊወርድ ሲል አገኘው። አስተዳዳሪው ክፉ ሰው አይደለም፤ አልጮኸበትም። ቧንቧው አሁኑኑ እንዲቆለፍ፣ ጥበቃው ሐኪም ቤት እንዲሄድ አዘዘ፤ ለጤና ጥበቃ ሰዎችም ስልክ ደወለ።

«ለነዋሪው ማስታወቂያ ልለጥፍ?» አለ።

«ማስታወቂያ ይቅር» አለ ጋሽ ኩሬ። «ያጠፋን ማስታወቂያ ነው። እኔ አንኳኳለሁ።»

በዚያ ሕንፃ ስንት ዓመት ሠርቶ የአንድም ሰው በር አንኳክቶ አያውቅም። ቦት ጫማውን ከደረጃው ሥር አውልቆ፣ በካልሲ ወጣ። በየበሩ የሚለው አንድ ነው፦ «ከበሩ ላይ የገዛችሁትን ሰላጣ፣ ካሮትና ቲማቲም ጥሬውን አትብሉ። ያመመው ካለ ሐኪም ይየው። ጥፋቱ የሻጭዋ አይደለም፤ ጽሑፉን የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

አንደኛ ፎቅ ላይ ያሉ አሮጊት በሩን በሰንሰለት ከፈት አድርገው «እርስዎ ማነዎት?» አሉት።

«አትክልተኛው ነኝ።»

«እኛ አትክልተኛ አለን እንዴ?»

አንዱ ጎልማሳ «እኛ እንደሆን ካሮቱን ቀቅለን ነው የበላነው» አለ፤ ጋሽ ኩሬም «ከተቀቀለ ደግ ነው» አለው። የሁለተኛ ፎቋ ሴት ግን ሰማችና ፊቷ ተለወጠ። ልጇ ከትናንት ጀምሮ ያስቀምጠዋል። በሩን ዘጋችበት፤ ጥቂት ቆይታ ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ እየሮጠች ወረደች። እሱ ደረጃው ላይ ከግድግዳው ተለጥፎ አሳለፋት።

የኔንም በር አንኳኳ። ፊቱን ያየሁት ያኔ ነው። ከማስበው ያነሰ ዕድሜ ነበረው። ጠረጴዛዬ ላይ የተከተፈ ቲማቲም ነበር። ይግቡ ልለው ስል እሱ ዓይኑን ወደ ቀጣዩ በር መልሶ ነበር።

ልጁ መድኃኒት ተሰጥቶት በሳምንቱ ሣሩ ላይ ሲሮጥ ታየ። ጥበቃውም ዳነ፤ ድኖም አልተወውም። «እኔን እኮ ኩሬህን በጥሬው አበላኸኝ! ከእንግዲህ ኩሬው እኔ ነኝ፤ አንተ ሌላ ስም ፈልግ» ይለዋል። የጤና ሰዎች መጡ፣ ውሃውን በጠርሙስ ወሰዱ፣ ቧንቧው በብረት ሳጥን ይታሸግ አሉ፤ ታሸገ።

ሴትዮዋ በማግስቱ አልመጣችም። ከዚያም ወዲያ አልመጣችም። ሸራው የነበረበት ቦታ ላይ እንጨቶቹ የተተከሉባቸው አራት ጉድጓዶችና ባልዲው ቀሩ። ባልዲውን በሳሙናና በበረኪና አጥቦ፣ በፈላ ውሃ ደግሞ አጥቦ፣ ጠፍጣፋው ድንጋይ ላይ ደፋው። ጠዋት ጢሙን መላጨቱን አልተወም። ለምን እንደሆነ ጠይቄው «እጄ ለምዶ ነው» አለኝ።

አስተዳዳሪው አዲስ ጽሑፍ ይጻፉ ሲለው ትልቅ ቆርቆሮ ቆርጦ ብዙ ጊዜ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። «አትክልት» የሚለውን ቃል እጁ ሊጽፈው አልቻለም። በመጨረሻ እንዲህ ጻፈ፦ «የጎርፍ ውሃ ነው። አይጠጣም። ምግብ አይታጠብበትም። ልጆች አይጫወቱበትም። ለሣርና ለዛፍ ብቻ።» ከመስቀሉ በፊት ግን ቆርቆሮውን ተሸክሞ ጥበቃውን አስነበበ፣ አሮጊቷን አስነበበ፣ የኔም በር ላይ መጣ።

«አንብበውና ምን እንደገባህ ንገረኝ» አለኝ። «የጻፍኩትን አይደለም፤ የገባህን።»

የገባኝን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። በዚህ አጋጣሚ ነው ማውራት የጀመርነው፤ ይህን ሁሉ የሰማሁትም በቁርጥራጭ፣ ፍርግርጉ ዳር ቆሜ ነው። ያዛነፍኩት ካለ የኔ ነው።

እሁድ ልጁ ደወለች። «አባዬ፣ አትክልት በላህ?»

«የትኛውን?» አላት። እሷ ቀልድ መስሏት ሳቀች።

ሴትዮዋ ከላይ አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ መሸጥ መጀመሯን የነገረው ጥበቃው ነው። ጋሽ ኩሬ ባልዲውን ይዞ ወጣ። ሰው ተሰልፎ ነበር፤ እሱም ከኋላ ቆመ። ከጎኗ ክዳን ያለው የውሃ ጀሪካን አስቀምጣለች፤ ለመጣ ሁሉ ሳትጠየቅ «በቧንቧ ውሃ ነው የታጠበው» ትላለች። ተራው ደረሰ።

ቀና ብላ አየችው። እጇ አፍታ ቆመ።

«ምን ልስጥዎት?» አለች።

እርስዎ። በግቢው በየቀኑ የሚሰማው ቃል ነው፤ እንዲህ ከብዶት ግን አያውቅም።

«ካሮት» አለ። «ባልዲሽንም አምጥቼልሻለሁ። በበረኪና ነው ያጠብኩት።»

«እዚያ ያስቀምጡት።»

ካሮቱን ሰጠችው። እሱ አንዱን መዘዘና እዚያው፣ ሰልፈኛው እያየ፣ ገመጠው። ምን ብሎ እንደሆነ ራሱም አላወቀውም፤ የሚናገርበት ቃል ስላጣ ይመስለኛል።

«ቤትዎ ወስደው ይጠቡት እንጂ» አለች ሳታየው።

«አጥበሽዋል ብለሻል እኮ» አላት።

ከኋላው ያለችውን ሴት «ምን ልስጥሽ?» አለቻት።

ሲመለስ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ሰው ሁሉ ወደየበረንዳው ሲሮጥ እሱ ወደ ኩሬው ሮጠ፤ ዝናቡ ሰንብቶ የመጣ ነበር። እኔ ከመስኮቴ አየሁት። ማዞሪያውን ከፈተ፣ የላይኛው መንገድ ውሃ ጥቁር ሆኖ እየተንደረደረ መጣና በሌላው ቦይ ነጎደ። እሱ ኮፍያውን ወደ ዓይኑ ሳብ አድርጎ፣ የፊተኛው አልፎ የኋለኛው እስኪጠራ፣ ካሮቱን እየበላ ቆሞ ጠበቀ።